ከፊት ያለው መኪና

አባቴ ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። መኪናዋን ዳር ዳሩን እያስኬደ አምጥቶ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ይቺ መብራት ዛሬ ትጥፋልኝ» አለኝ። ደህና አደርሽ የለ፣ ምን የለ።

እኔም የሱው ልጅ ነኝ፤ ደህና አደርክ ሳልለው ጎንበስ ብዬ ዳሽቦርዱን አየሁ። የጥፍር ያህል ቢጫ የመኪና ሥዕል፣ ከፊቷ ሦስት ቅስት መስመሮች። የክሩዝ ኮንትሮሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ይሄ እንግዲህ ፍጥነት ይዞ ብቻ የሚሄደው የድሮው ዓይነት አይደለም። ከፊት ያለውን መኪና በራዳር እያየ፣ ያ ሲዘገይ የሚዘገይ፣ ያ ሲቆም የሚቆም፣ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ራሱ ፍጥነት የሚጨምር ነው። ታናሽ እህቴ መኪናዋን ስትገዛለት «አባዬ እግሩን ያሳርፍበት» ብላ ነው ይሄ ያለውን የመረጠችለት።

«ከበራች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሁለት ሳምንት።»

«የነካት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም አልነካትም። እንዲሁ ከመሬት ተነስታ ነው።»

የመኪና ኤሌክትሪሽያን ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ «ምንም አልነካትም» ብሎ የማይጀምር ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። አባቴን ግን አልተቆጣሁም፤ አመንኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ፣ የሰው መስታወት እንኳ ሳይጭር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በኛ ቤት እሱን በመንዳት መጠርጠር ነውር ነው።

ያስቸገረን ጊዜ ነው። በነጋታው ጠዋት የዚችኑ እህቴን ሁለት ልጆች ይዞ እናታቸው ወደምትሠራበት ከተማ ሊሄድ ነው። ትምህርት ቤት ዓርብ ተዘግቷል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ከአያታቸው ጋር ኖረው፣ እናታቸውን ለማየት ቀን ሲቆጥሩ ነው የከረሙት። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስቱም ሰዓት አውራ ጎዳና ነው፣ ከባድ መኪና ከባድ መኪናን እየተከተለ የሚሄድበት።

«መብራቷ ካልጠፋች ነገ መሄድ የለም» አለኝ።

«አባዬ፣ ያለሱም እኮ ትሄዳለች። ድሮ የነዳሃቸው መኪኖች ክሩዝ ኮንትሮል ቀርቶ ደህና ፍሬን ነበራቸው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቃል። ስለነዚያ መኪኖች ፍሬን ሁለት ሦስት ታሪክ ያስከትላል፣ ሁሉንም ደግሞ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን «አጥፊልኝ አልኩሽ እኮ፣ አጥፊልኝ» ብሎ ከመኪናው ወረደ። ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ።

ቤት ሂድ፣ ሲያልቅ እደውልልሃለሁ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር አለን፣ እሱ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳ። እኔ አጠገቤ ሰው ሲቁነጠነጥ እጄ ይተሳሰራል፤ አንዷን ሶኬት ለማላቀቅ ሌላ ቀን የሚፈጅብኝን ጊዜ ሦስት እጥፍ ፈጀሁ።

የመኪናዋን ኮምፒዩተር የሚያነበውን ስካነር ሰካሁ። የሚለው በአጭሩ «የፊት ራዳሩ ማየት አልቻለም» ነው። ስህተቱን ከኮምፒዩተሩ ሰርዤ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ልዞር ወጣሁ፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ቢጫዋ መኪና ተመልሳ ቁጭ።

«እንደዚያማ ያኛውም ሠርቶልኝ ነበር» አለ አባቴ ስመለስ።

«ያኛው ማን?»

«ማዶ ያለው ጋራዥ። ሰረዘልኝ፣ ቤት ሳልደርስ በራ።»

ተናደድኩ። ልጁ ኤሌክትሪሽያን ሆና ሰው ማዶ ጋራዥ ይሄዳል? ምን ቢደብቀኝ ነው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ግን እኔ ስናደድ ማሰብ አቆማለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። የራዳሩን ሶኬት ነቅዬ አጸዳሁ፣ ኤሌክትሪኩን ለካሁ፤ በትክክል ይደርሰዋል። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ተከተልኩት፤ የተላጠ የለ፣ አይጥ የበላው የለ። በየመሐሉ አባቴ ከኋላዬ ይመጣና «ታየሽ?» ይለኛል። ገና ስለው ይሄዳል። ተመልሶ ይመጣል። «አሁንስ?»

«አባዬ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ተቀመጥ።»

«እሷን የሚተርቱት ነገ መንገድ የሌለባቸው ናቸው።»

አምስት ሰዓት ላይ መላው ጠፍቶኝ ባምፐሩ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ራዳሩ ያለው ከባምፐሩ መሐል ጀርባ ነው፤ ፕላስቲኩን አልፎ ነው የሚያየው። ሳላስበው ፕላስቲኩን በጥፍሬ ማንኳኳት ጀመርኩ። ዳር ዳሩ እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። መሐሉ ላይ ስደርስ ግን ድምፁ ታፈነ። እንደገና አንኳኳሁ። ያው ነው። ቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው፣ ያውም ወፍራም፤ ስቱኮ ደግሞ ያልተጎዳ ቦታ ላይ አይለሰንም።

ብሎኖቹን ፈታሁና ባምፐሩን አውርጄ ገለበጥኩት። በጀርባው በኩል መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በቀጭን ሽቦ ተሰፍቷል፤ እኩል እኩል በሆነ ስፌት፣ አንድም ቦታ ሳይዘል። ራዳሩን የያዘው ብረት ደግሞ ወደታች ተጣሟል። እንግዲህ ይሄ ራዳር መሬት መሬቱን ነው የሚያየው፤ ቀና ቢል እንኳ ፊቱ ላይ ሽቦ ተጠልፎበታል።

በዚህ ከተማ ፕላስቲክ የሚሰፋ ሰው አንድ ነው። ሌላው በሙቀት ያጣብቃል፣ ወይ በማስቲሽ። ሰዓሊው ግን ይሰፋል። ሰዓሊው የኛው ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፣ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሄዶ አንገቱን አዘንብሎ ስለሚያይ። እጁ ወርቅ ነው። የሚጨነቀው ግን ለላዩ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ጓሮ ውስጥ የአንዲት መኪና በር በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ አገኘሁት።

«ሰዓሊው፣ ይሄ የማን ስፌት ነው?»

ባምፐሩን አየ። አባቴ ወዳለበት አየ። የአፉን መሸፈኛ ዝቅ አደረገ።

«ሽቦ፣ ቀስ በይ» አለኝ። ሽቦ የሚሉት እኔን ነው። «እሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ልጄ እንዳትሰማ አሉኝ። አባት የሚያህል ሰው ሲለምን እምቢ ይባላል?»

«ራዳር ፊት ለፊት ሽቦ ትሰፋለህ?»

«እኔ ራዳር መኖሩን በምን አውቄ? ስንጥቅ አየሁ፣ ሰፋሁ።» ቅር ብሎታል። «ደግሞስ የቱ ጋ ይታያል? ስንቴ በአጠገብሽ አልፏል፤ አይተሽዋል?»

እውነቱን ነው፤ አላየሁትም።

«ምን ገጭቶ ነው?»

«የግቢያቸውን በር።»

«የራሱን ግቢ በር?»

«ክፍት መስሎኝ ነው አሉኝ።»

ያ በር ጥቁር ብረት ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። አባቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ገብቶ ወጥቶበታል። «መሽቶ ነበር?» አልኩት ሰዓሊውን። «ኧረ በጠራራ ፀሐይ» አለኝ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሐሳብ ይዞት ይሆናል። ለሰው አባት የማልሰጠውን ምክንያት ሁሉ ለአባቴ ደረደርኩለት። ካቻቢቴው ግን ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ሄጄ ልጠይቀው ተነሳሁና ተመለስኩ። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ የምደበቀው ሥራ ውስጥ ነው።

ጓሯችን ውስጥ ያቺው ዓይነት መኪና ከኋላ ተገጭታ የተጣለች አለች፤ ፊቷ ደህና ነው። ባምፐሯንም ራዳሩን የሚይዘውንም ብረት ነቀልኩ። እሷ ነጭ ናት፣ የአባቴ መኪና ጥቁር ሰማያዊ። ሰዓሊው ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ።

«እንዲህ አድርገሽ ሰው ፊት ልታወጫት ነው? ሁለት ሰዓት ብቻ ስጪኝ፣ ቀብቼ ላስረክብሽ።»

«አንተ ያንን መርጫህን ይዘህ ወደዚያ ራቅልኝ» አልኩት።

ውሃ ልክ ይዤ የራዳሩን ፊት ማስተካከል ጀመርኩ። ይሄ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እዚህ ጋ የፀጉር ያህል ከዘነበለ፣ ሩቅ ሲደርስ የጎረቤቱን መስመር መኪና ነው የሚያየው። ብሎኗን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ትንሽ መለስ፣ እንደገና ልኬት። ሦስት ጊዜ ለካሁ። አራተኛ ልለካ ስል አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ነጩን ባምፐር አየ። በየጠዋቱ መኪናዋን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል፣ ጭቃ ሲነካት የሚታመም ሰው ነው። ጠብ ጠበቅኩ።

«ቀለሙን ተዪው» አለ። «መብራቷ ጠፋች?»

«መንገድ ወጥታ ራሷን ማስተካከል አለባት። በሰዓት ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከመኪና ኋላ ኋላ፣ ስካነሩ መቶ ከመቶ እስኪል። እኔ ነኝ የምነዳው።»

«አብሬሽ አለሁ» ብሎ ከእኔ ቀድሞ ገባ።

ስካነሩን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፌ ወጣን። አሥር ከመቶ። አሥራ ሰባት። አባቴ በየደቂቃው «ስንት ደረሰ?» ይለኛል፣ እኔም ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ስካነሩ ያለው በሱ በኩል ነበር።

የሹፌር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሹፌር ሌላ ሰው ሲነዳለት እግሩ አያርፍም። ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጣል። መንዳት ስማር የአባቴ እግር ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድም ነበር። ገና ሳላየው፣ ገና ሳልጠረጥረው እሱ ረግጧል። መንገዱን ከማየቴ በፊት የሱን ጫማ ማየት ልማዴ ሆኖ ቀርቶ ነበር፣ በዚህም ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል።

ከፊታችን ያለው አውቶቡስ ተሳፋሪ ሊያወርድ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ ቀዘቀዘች። ከዚያ በኋላ ነው የአባቴ እግር ወለሉን የረገጠው። መኪናዋ ከዘገየች፣ ሰውነቱ ወደፊት ከተገፋ በኋላ።

አርጅቷል አልኩ፤ እግሩ ከብዶታል። ሠላሳ አንድ ከመቶ። አንዲት ታክሲ ከጎን ገባችብን፤ ያዝኩ። እግሩ አሁንም ከኔ ኋላ መጣ። ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ ጆሮዬን ጫማው ላይ አድርጌ ነዳሁ። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። አምስቱንም ጊዜ የረገጠው ባየው ነገር አልነበረም፤ መኪናዋ ስትዘገይ ተሰምቶት ነው።

ወንበሩ ቆረቆረኝ፣ የደህንነት ቀበቶው አነቀኝ፤ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከከተማ ስንወጣ ፍራሽ የጫነ መኪና ፊታችን ገባ። ቀይና ቢጫ ፍራሽ ነው፣ እስከ ላይ ተቆልሎ በገመድ የታሰረ፤ ከሠላሳ ሜትር አይርቅም።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ጭኖ ነው እንዲህ የሚያዘግመው?» አልኩት እንደ ዋዛ።

«አሸዋ ነዋ» አለ ሳያመነታ። «በዚህ መስመር ከአሸዋ ሌላ ምን ይመላለሳል?»

መንዳቴን ቀጠልኩ፤ ቁጥሩም ቀስ እያለ ወጣ። ዘጠና ሁለት። ዘጠና ስምንት። ስካነሩ ጮኸና ቢጫዋ መኪና ከዳሽቦርዱ ላይ ጠፋች።

«ጠፋች?» አለኝ። ፊቱን ወደ ዳሽቦርዱ አዙሮ ነበር።

«ጠፋች።»

ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «ተመስገን። እንግዲህ ነገ እንደልቤ ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «እጅሽ ይባረክ፣ እናቴ።»

ፍሬቻ አብርቼ ዳር ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምነው?»

«ፍራሽ ነበር» አልኩት። «የጫነው። ቀይና ቢጫ ፍራሽ።»

ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም፣ ግን ከአፌ ወጣ።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። አባቴ ሲቆጣ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ተወው።

«ዓመት ሊሆነው ነው» አለ። «ዳር ዳሩን ደህና አያለሁ። መሐሉ ነው የሄደብኝ። አሁን አንቺን ሳይሽ ፀጉርሽ አለ፣ ጆሮሽ አለ። ፊትሽ ጭስ ነው።»

በየእሑዱ ልጠይቀው ስሄድ «ከስተሻል» ይለኛል። ገና በሩን ሲከፍትልኝ፣ አንድም እሑድ ሳያጓድል። ምኑን አይቶ ነው? ለእኔም ለእሱም አዘንኩ፤ የትኛው እንደሚብስ ግን አላውቅም።

«ሐኪም አላየህም?»

«አየኝ። መነጽር የሚያድነው አይደለም አለኝ። መንዳት ተው አለኝ።» እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ። «ይቺ ግን ታያለች። የመንገዱን ዳር እኔ እይዛለሁ፣ ፊት ያለውን እሷ ታያለች። ተጋግዘን ነው የምንኖረው።» ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር።

«በሩን አላየችልህም።»

«ግቢ ውስጥ አብርቻት አላውቅማ።»

ያኔ ነው ጥያቄው የመጣልኝ። ያቺ መብራት የጥፍር ያህል ናት፣ ያለችው ደግሞ መሐል ላይ ነው።

«እንደበራች በምን አወቅክ?»

«ትንሿ ነገረችኝ።» ትንሿ የእህቴ ሁለተኛ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው።

«ከዚያ ወዲህስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ክሩዙ ሳይሠራ ልጆቹን ይዘህ ስትወጣ፣ ፊትህን ማን ነበር የሚያይልህ?»

አንድ ከባድ መኪና አጠገባችን አለፈና መኪናችን ተናጠች።

«እሷው» አለ። «ከፊት አስቀምጣታለሁ። ጨዋታ ነው ብያታለሁ። ከፊት ያለው መኪና ቀይ ሲያበራ ‹ቀይ› ትለኛለች፣ እረግጣለሁ። ሰው ሲሻገር ‹ሰው› ትለኛለች።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ገባ። «ዓይኗ እንዴት ያለ መሰለሽ። አንድም ቀን ስታ አታውቅም።»

መጮኽ ፈለግኩ፤ አባቴን፣ የወለደኝን፣ መምታት ሁሉ ፈለግኩ። ደግሞ ትከሻው ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ፈለግኩ። የወጣልኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንቅልፍ ቢወስዳትስ?»

አባቴ ወደ ጎኑ መስኮት ዞረ።

«ትናንት ወስዷት ነበር» አለ። «ለእናታቸው አምረው እንዲታዩ ብዬ ጫማ ልገዛላቸው ወስጃቸው ስንመለስ። ትልቁ ከኋላ ተኝቷል። እሷ ዝም ስትለኝ መንገዱ ባዶ ሆኖ ነው ብዬ ነዳሁ። ምን ያህል እንደነዳሁ አላውቅም። ኋላ ‹ምን ይታያል፣ እናቴ?› ብላት አትመልስልኝም።»

ሞተሩን አስነስቼ ዞርኩ። መመለሻው ላይ እግሩ አንድ ጊዜም አልረገጠም፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። የተናገረው ቤቱ አካባቢ ልንደርስ ስንል ነው።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳታረፍጂ» አለኝ። «ልጆቹን ቁርስ አብልቼ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«አላረፍድም፣ አባዬ።»

«ትንሿን ከኋላ አስቀምጪያት። እንደልቧ ትተኛ።»